ባለ ጉዳይና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ

ባለፈው የትምህርት ዓመት አጋማሽ ላይ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ስለ ጎንደር ዘመነ መንግሥት ስንነጋገር፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አነሣችና፣ «መምህር፣ በፋሲል ግቢ በርም ላይ ቦርሳ ይፈተሽ ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሣቀ። እኔም አብሬ ሣቅሁ። ልጅቱ ግን የጠየቀችው ለቀልድ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ከእናቷ ጋር የልደት ማስረጃ ልታወጣ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳ፣ በሩ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል በፀሐይ ከቆመች በኋላ የደብተር ቦርሳዋ ተበርብሮ፣ የምሳ ዕቃዋ ተከፍቶ ነበር የገባችው። ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ እንደ መጣና ማንን ለመጠበቅ እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች።

በዚያን ቀን በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሼላት ወደ ትምህርቴ ተመለስሁ። መልሴ ግን ራሴንም አላረካኝም። ከዚያ ወዲህ በተረፈኝ ጊዜ ያነበብሁትንና ያመዛዘንሁትን፣ ለክፍል ውይይት ይጠቅም እንደሆነ በማለት እነሆ ለመምህራን ባልደረቦቼ አቀርባለሁ። ጽሑፉ ስለ ነገሥታት አይደለም። ስለ ባለ ጉዳይ ነው፤ ማለትም ወረቀት ሊያስፈርም፣ ግብር ሊከፍል፣ ማስረጃ ሊያወጣ በመንግሥት ቤት ደጅ ስለ ቆመው ሰው።

«ደጅ» በታሪካችን ከመዝጊያና ከመቃን የሰፋ ትርጉም ያለው ቃል ነው። ከራስ ቀጥሎ ያለው ታላቅ ማዕርግ «ደጃዝማች» የተሰኘው ከዚሁ ቃል ነው፤ የደጅ አዝማች ማለት ነው። ሹመት የሚሻ፣ ርስቱ የተወሰደበት፣ ፍርድ የተጓደለበት ሁሉ ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ ጥናት የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። አጋፋሪው የመጣውን ሰው እንደየማዕርጉ ለይቶ ያስገባል። እልፍኝ አስከልካዩ ደግሞ፣ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ ሥራው ከማስገባቱ ይልቅ በመከልከሉ የታወቀ ነው። ሊቀ መኳሱ በጦር ሜዳ የንጉሡን የመሰለ ልብስ ለብሶ ከአጠገባቸው ይሰለፋል፤ ጠላት የትኛው ንጉሥ እንደሆነ እንዳይለይ። (ዛሬ በታላላቅ ሰዎች አጀብ ውስጥ አንድ ዓይነት መኪናዎች ደርድሮ የመሄዱ ዘዴ ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።)

የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ለዚህ ሥርዓት በድንጋይ የተጻፈ ማስረጃ ነው። 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥሩ ላይ 12 በሮች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ በር የራሱ ስም ነበረው። ወንበር በር የዳኞች ነው፤ ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ ነው፤ እምቢልታ በር የእምቢልተኞች ነው፤ እንኮዬ በር በእቴጌ ምንትዋብ እናት ስም የተጠራ ነው። እንዲህ ያለው አከፋፈል ለጥበቃ የተመቸ ነው፤ በየትኛው በር ማን እንደሚገባ ዘበኛው ያውቃልና። ስለዚህ ለተማሪዬ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ፣ ቦርሳ ባይፈተሽም ሰው በሚገባ ይፈተሽ ነበር የሚል ነው። የሚፈተሸውም በዘሩ፣ በማዕርጉና በአጋፋሪው ዓይን ነበር።

ነገር ግን አንድ ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና። ቅጥሩም፣ በሩም፣ ዘበኛውም የተዘጋጁት በውስጥ ላለው ሰው ነው። ደጅ ጠኚው በዚህ ሥርዓት ውስጥ አደጋ ሊያመጣ የሚችል ሰው ነው እንጂ፣ አደጋ ሊደርስበት የሚችል ሰው ተደርጎ አልታሰበም።

አፄ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላ የመንግሥት ሥራ ቀስ በቀስ ከግቢ እየወጣ በየመሥሪያ ቤቱ ተከፋፈለ። ባለ ጉዳዩም ከንጉሡ ደጅ ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ተዛወረ። ደጅ ጥናቱ ግን ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀረም፤ እስከ ዛሬም «ደጅ ስጠና ከረምሁ» የምንለው ስለ መሥሪያ ቤት ነው።

ከዚያ ወዲህ ካሉት ዓመታት አንዱን ቀን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት ግራዚያኒ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ መወለዱን ምክንያት በማድረግ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን አስጠራ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወርውረው ግራዚያኒን አቆሰሉት። የሁለቱ ጀግኖች ታሪክ በየዓመቱ ስለሚነገር አልደግመውም። እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ደቂቃዎች በግቢው ውስጥ የሆነው ነው። ወታደሮቹ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ከፈቱ። ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡት ዓይነ ስውራን፣ አካለ ስንኩላንና አሮጊቶች በገቡበት በር መውጣት አልቻሉም። ከግቢው የጀመረው ግድያ በከተማው ውስጥ ሦስት ቀን ቀጠለ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው ቁጥር የሞቱትን 30,000 ያደርሳቸዋል። ያ ግቢ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ነው። ብዙዎቻችን በዚያው በር ገብተን ተምረን ወጥተናል።

በፍተሻ መግባት ለአዲስ አበባ ሰው የዕለት ኑሮ የሆነው ደግሞ ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር ቤት ለቤት በተደረገው አሰሳ ያለፈ ሰው፣ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ መዳሰስን ለምዶ ቀረ። የዚያን ዘመን ፍተሻ ዓላማም ቢሆን ባለ ጉዳዩን መጠበቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ እንሻገር። በናይሮቢ ከተማ መካከል፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ሰፋፊ ጎዳናዎች የሚገናኙበት ማዕዘን አለ። አንዱ የሞይ ጎዳና፣ ሌላው የኃይለ ሥላሴ ጎዳና ይባላል። የመንገዱ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዚያ ማዕዘን ላይ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ ኤምባሲ ነበር። ኤምባሲ የውጭ መንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆንም፣ ቪዛ ለሚጠይቀው፣ ለሠራተኛውና በመንገዱ ለሚያልፈው ሰው እንደማንኛውም መሥሪያ ቤት ነው። አካባቢውም የተጨናነቀ ነበር። አጠገቡ ኡፉንዲ ሐውስ የሚባል ሕንፃ አለ፤ በውስጡም የጽሕፈት ሥራ የሚማሩ ወጣቶች ኮሌጅ ነበረበት። ከኋላ በኩል ደግሞ መስተዋት የበዛበት ረጅሙ የኅብረት ሥራ ባንክ ሕንፃ ቆሟል። አውቶቡሶች በፊት ለፊቱ ያልፋሉ።

ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1998) ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ፈንጂ የጫነ የጭነት መኪና ወደ ኤምባሲው ኋለኛ መኪና ማቆሚያ ገባ። በመኪናው ውስጥ የነበሩት የአልቃይዳ ሰዎች በዚያ የነበረውን ዘበኛ መዝጊያውን እንዲከፍት አዘዙት። ዘበኛው በኮንትራት የተቀጠረ ኬንያዊ ነው፤ መሣሪያ አልያዘም። አልከፍትም አለ። አንደኛው ሰው ቦምብ ወረወረበት፤ ተኩስም ተሰማ። ዘበኛው ሸሽቶ ተከለለና በውስጥ ያለውን የባሕር ኃይል ወታደር በእጅ ሬዲዮው፣ ቀጥሎም በስልክ ሊያስጠነቅቅ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ፈንጂው ያን ጊዜ ፈነዳ።

213 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ውስጥ 44ቱ የኤምባሲው ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ከ44ቱም አሜሪካውያን የሆኑት 12 ብቻ ናቸው። የቆሰለው በሺህ የሚቆጠር ነው። የኤምባሲው የኮንክሪት አካል ውስጡ ቢደባየም ቆሞ ቀረ፤ ጎረቤቱ ኡፉንዲ ሐውስ ግን ተደርምሶ በውስጡ የነበሩትን ቀበረ። በመንገድ ላይ የነበሩ አውቶቡሶች ከነተሳፋሪዎቻቸው ተቃጠሉ። አንዲት ሴት በፍርስራሹ ሥር ሆና ከአዳኞቹ ጋር ለቀናት እየተነጋገረች ከቆየች በኋላ፣ ሳይደርሱባት ሞተች። ናይሮቢ ያን ሳምንት ትንፋሹን ይዞ የእርሷን ወሬ ሲከታተል ሰነበተ።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ሳነሣ ሁልጊዜ ቆም የምልበት ቦታ አለ። በመጀመሪያው ተኩስና በፍንዳታው መካከል ጥቂት ጊዜ ነበረ። በዚያ ጊዜ በኤምባሲውም ሆነ በዙሪያው ባሉት ፎቆች ውስጥ ያሉት ብዙ ሰዎች፣ ምን ተሰማ ብለው ወደ መስኮት ሄዱ። ማንም ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። ከዚያ መስተዋቱ ተሰባብሮ ፊታቸው ላይ መጣ። ብዙዎቹ ዓይናቸውን ያጡት እንዲህ ሆነው ነው። እኛ መምህራን ይህን ሳንረዳ መቅረት የለብንም፤ በውጭ አንድ ነገር «ጓ» ባለ ቁጥር ክፍል ሙሉ ተማሪ ወዴት እንደሚሮጥ እናውቃለንና።

አምባሳደሯ ፕሩደንስ ቡሽኔል በዚያች ሰዓት በአጠገቡ ባለው የባንክ ሕንፃ ላይኛ ፎቅ ከኬንያ የንግድ ሚኒስትር ጋር ነበሩ። ቆስለው፣ በደረጃው ላይ ከሚግተለተለው ሕዝብ ጋር በእግራቸው ወረዱ። እኚህ ሴት ሕንፃው ለመንገድ እጅግ የቀረበና ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን በመግለጽ፣ ኤምባሲው ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ለአለቆቻቸው አስቀድመው ጽፈው ነበር። ሳይዛወር ቀረ።

ነገሩ ሳይታወቅ የቀረ አልነበረም ማለት ነው። በ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1983) በቤይሩት የነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ በመኪና ፈንጂ ፈርሶ 63 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ በአድሚራል ኢንማን የተመራ ጉባኤ ተሰይሞ በ1985 እ.ኤ.አ. መመሪያ አውጥቶ ነበር። ዋናው ቃል ርቀት ነው፤ በሕንፃውና በመንገዱ መካከል 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይሁን ይላል። የናይሮቢው ሕንፃ መመሪያው ከመውጣቱ በፊት የተሠራ በመሆኑ ይህ ርቀት አልነበረውም። የከተማዋም የሥጋት ደረጃ በመዝገብ ላይ «መካከለኛ» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

በዚያው ዕለት፣ በደቂቃዎች ልዩነት፣ በዳሬ ሰላም ያለው የአሜሪካ ኤምባሲም ተመታ። በዚያ የሞቱት 11 ሲሆኑ ከ80 በላይ ቆስለዋል። ልዩነቱ ለምን ሆነ? አንደኛው ምክንያት አካባቢው እንደ ናይሮቢው የተጨናነቀ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው በአጋጣሚ የመጣ ነው፤ በበሩ ላይ የውሃ ቦቴ ቆሞ ስለነበር ፈንጂ የጫነው መኪና ወደ ግቢው መግባት አልቻለም። አንድ የውሃ ቦቴ በቆመበት ቦታ መቆሙ የብዙ ሰው ዕድሜ ሆነ። ታሪክን በምክንያትና በውጤት ብቻ የምናስተምር ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር የት እንደምናስቀምጠው ይቸግረናል።

ከአደጋው በኋላ በአድሚራል ዊልያም ክራው የሚመራ የምርመራ ቦርድ ተቋቁሞ በጥር ወር 1999 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱን አቀረበ። ሪፖርቱ ከላይ የጠቀስሁትን የዘበኛውን ሬዲዮና የመስኮቱን ነገር ሳይሸሽግ ይናገራል። ግዴታውን የጣሰ አንድም ግለሰብ አላገኘሁም፤ ጉድለቱ ለብዙ ዓመታት ገንዘብና ትኩረት የነፈጉት ሁሉ የጋራ ጉድለት ነው ይላል። ለኤምባሲዎች ደኅንነት በየዓመቱ 1.4 ቢልዮን ዶላር ለ10 ዓመት ያህል እንዲመደብም አሳሰበ። ይህን ቁጥር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ተማሪዎቼ ያፏጫሉ። ከዚያ ቀጥዬ ሪፖርቱ የጠየቀውን አንድ ሌላ ነገር እነግራቸዋለሁ፦ ተኩስ ወይም ፍንዳታ በተሰማ ጊዜ ሠራተኛውና ባለ ጉዳዩ ከመስኮት ርቆ ወለል ላይ እንዲተኛ የሚያስጠነቅቅ የተለየ ድምፅ ያለው ደወልና የዚያ ልምምድ። ለዚህኛው ቢልዮን አያስፈልግም። ደወል በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አለ።

ነገሩ የሚያስቆጭ ገጽታም አለው። ከፍንዳታው በኋላ የከተማው ሰው በግል መኪናውና በማታቱ ቁስለኛ እያነሣ ወደ ኬንያታ ሆስፒታል ሲያመላልስ፣ የኤምባሲው ጠባቂዎች ሕንፃቸውን ከበው ሰው እንዳይቀርብ ከለከሉ። እነርሱ ምክንያት ነበራቸው፤ ሁለተኛ ፈንጂ ይኖራል ብለው ይሠጉ ነበር፤ የተበተነ ሰነድና ንብረትም ነበር። ኬንያውያን ግን ሕንፃው ከእኛ ሰው በለጠ ወይ ብለው በጋዜጦቻቸው አማረሩ። የፋሲል ግቢን ቅጥር አስታውሱ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። ለውስጠኛው ሰው ተብሎ የተሠራ ጥበቃ፣ በቁርጥ ቀን ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞራል።

ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያ ማዕዘን ላይ የመታሰቢያ የአትክልት ቦታ ተከፈተ፤ የሞቱት ሰዎች ስም በግንብ ላይ ተጽፏል። ኤምባሲው ከከተማው መካከል ወጥቶ በጊጊሪ፣ በተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት አጠገብ፣ በሰፊ ቦታ ላይ አዲስ ተሠራለት፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ገባበት። ርቀቱ ተገኘ። ለውስጥ ሠራተኛውም ለጎረቤቱም በእርግጥ የተሻለ ነው። ባለ ጉዳዩ ግን አሁን ከከተማ ወጥቶ ይሄዳል። ዓይናቸውን፣ እግራቸውን፣ ቤተሰባቸውን ያጡት ኬንያውያን ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ካሣ ሲጠይቁ ኖረዋል፤ ይህም ራሱን የቻለ ደጅ ጥናት ነው።

ስለ ባለ ጉዳዩ ካነሣን አይቀር፣ በአሜሪካ አገር በራሱ የሆነውን በአጭሩ ልጥቀስ። ሚያዝያ 11 ቀን 1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1995) በኦክላሆማ ከተማ በአልፍሬድ መራ የፌዴራል ሕንፃ ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር በቆመ የኪራይ መኪና ውስጥ የነበረ ፈንጂ 168 ሰዎችን ገደለ። ከእነርሱ 19ኙ ሕፃናት ናቸው፤ በሁለተኛው ፎቅ የሠራተኞች ልጆች መዋያ ነበረና። በምድር ቤቱ ወለል ደግሞ የጡረታ ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ ስለነበር ወረፋ የሚጠብቁ አረጋውያን አብረው ሞተዋል። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ የመሥሪያ ቤት ሕንፃዎቹን በ5 የጥበቃ ደረጃ ሲከፍል፣ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ወደዚያ የሚመጣው ሕዝብ ብዛት ሆነ። ትልቅ ለውጥ ነው እላለሁ። ባለ ጉዳዩ የሚጠረጠር ብቻ መሆኑ ቀርቶ በሚጠበቁት ሰዎች ቁጥር ውስጥ ገባ።

ይሁን እንጂ ጥበቃው በጠነከረ ቁጥር አንድ አዲስ ቦታ ይፈጠራል። እርሱም ከበሩ ውጭ ያለው ሰልፍ ነው። ስለዚህ ነገር ከመቃድሾ የበለጠ የሚናገር ከተማ በአካባቢያችን የለም።

መስከረም 23 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2011) በመቃድሾ ኬ-4 በሚባለው አደባባይ አጠገብ፣ የትምህርት ሚኒስቴርና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ባሉበት ግቢ በር ላይ፣ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ በቱርክ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ለማግኘት የተወዳደሩ ወጣቶችና ወላጆቻቸው ናቸው። ውጤት ሊያዩ ነው የመጡት። በዓመቱ ውስጥ ድርቅና ረኃብ በአገሩ ላይ ስለነበረ፣ ያ ወረቀት ለብዙዎቹ ከረኃብም ከጦርነትም መውጫ በር ነበር። የአልሸባብ የጭነት መኪና በበሩ ላይ ፈነዳ። መኪናው ወደ ውስጥ አልዘለቀም፤ ፍተሻው ያለበት በር አገደው። በበሩ ላይ ያለው ሰልፍ ግን ምንም የሚያግድለት አልነበረውም። የሞቱት ከ70 በላይ ናቸው።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022)፣ ዞቤ በሚባለው አደባባይ የሚገኘው የሶማልያ ትምህርት ሚኒስቴር በሁለት መኪናዎች ፈንጂ ተመታ፤ ሁለተኛው የፈነዳው ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ቁስለኞች ሊያነሡ ሲሯሯጡ ነው። በዚያም ቀን ቢያንስ 100 ሰዎች ሞቱ። በሁለቱም ጊዜ ስፍራው የትምህርት መሥሪያ ቤት መሆኑን ልብ ይሏል። ለእኛ ለመምህራን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

እንግዲህ የተማሪዬ ሁለት ሰዓት ትዝ አለኝ። እርሷና እናቷ በዚያ በር ላይ ሁለት ሰዓት ሲቆሙ፣ ሕንፃው እየተጠበቀ ነበር፤ እነርሱ ግን በመንገድና በበር መካከል፣ ጥላም መቀመጫም በሌለበት፣ መኪና በአጠገባቸው እያለፈ ቆመዋል። በኔ አስተያየት ጥሩ ጥበቃ የሚለካው በፍተሻው ጥብቅነት ብቻ ሳይሆን በሰልፉ ማጠር ነው። ቀጠሮ በሰዓት ቢሰጥ፣ ሁለተኛ የፍተሻ ጠረጴዛ ቢጨመር፣ ሰልፉ ከመንገድ ዳር ወደ ግቢ ውስጥ ቢገባ፣ የሚጎዳው ሰው ይቀንሳል፤ ባለ ጉዳዩም ይከበራል። ፀጥታና መስተንግዶ ሁልጊዜ ይጣላሉ የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ በሰልፉ ነገር ግን አንድ ናቸው።

ስለ ዘበኛውም አንድ ቃል ልጨምር። ከናይሮቢ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ያ መሣሪያ ያልያዘው ሰው ነው። «አልከፍትም» ማለቱ መኪናው ወደ ምድር ቤቱ እንዳይገባ ከለከለ፤ ይህ ባይሆን ጥፋቱ የከፋ በሆነ ነበር። በእጁ የነበረው ግን የማይሰማ ሬዲዮ ነው። በየመሥሪያ ቤታችን በር ላይ የሚቆመውን ሰው አስቡ። ብዙ ጊዜ ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ የሚያገኝ፣ ባለ ጉዳይ የሚቆጣው፣ አለቃ የሚገሥጸው እርሱ ነው። የሕንፃውን ውስጥ መውጫዎች ማንም አሳይቶት አያውቅም። አንድ ነገር ቢደርስ ለማን እንደሚደውል ቢጠየቅ፣ የሚመልሰው ጥቂቱ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የጓሮውን ደረጃ በር ተቆልፎ አይቼ ምክንያቱን ብጠይቅ፣ «ዕቃ እንዳይወጣበት ነው» አሉኝ። እሳት ቢነሣስ ስል፣ ጠባቂው ወደ ላይ አይቶ «እግዜር ይጠብቀን» አለኝ። ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ስለነበር ከዚህ የተሻለ መልስ ሊሰጠኝ አይችልም ነበር። ፈንጂ በዘመን አንድ ጊዜ ይመጣ ይሆናል፤ የኤሌክትሪክ እሳት ግን የየዕለት እንግዳ ነው፤ የተቆለፈ በር ለሁለቱም ያው ነው።

ለክፍል ሥራ የሚሆን ሙከራ አድርጌ ስለነበር እርሱን ልናገርና ላብቃ። ያቺ ጠያቂ ልጅ ያለችበትን ክፍል በአራት ቡድን ከፍዬ፣ የፋሲል ግቢን 12 በሮች በካርታ ላይ ካሣየኋቸው በኋላ፣ የራሳችንን ትምህርት ቤት የአስተዳደር ሕንፃ በሮች፣ መስኮቶችና ደረጃዎች በወረቀት እንዲነድፉ አዘዝኋቸው። የእያንዳንዱ በር ስም፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚከፈት፣ ቁልፉም በማን እጅ እንዳለ እንዲጽፉ ጠየቅሁ። በምዝገባ ሰሞን በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሦስት መቶ ያህል ወላጅና ተማሪ ይጨናነቃል። አራቱም ቡድኖች ተመሳሳይ ነገር ይዘው መጡ፤ ሦስት በሮች አሉ፤ የሚከፈተው አንዱ ነው፤ የጎን በሩ በተሰባበረ ወንበር ክምር ተዘግቷል፤ የጓሮው በር ቁልፍ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ነው፤ እርሱም ለምሳ ቤቱ ይሄዳል።

ልጆቹ ንድፉን ይዘው ወደ ርእሰ መምህሩ ሄዱ። ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ ደስ አላላቸውም፤ ኋላ ግን ራሳቸው ወርደው አዩት። ወንበሮቹን ያነሡት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ናቸው። የጓሮው በር ቁልፍ አሁን በጸሐፊዋ መስኮት አጠገብ በሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ በሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመክፈት ግን ማጠፊያውን ሁለት ቀን ዘይት ማጠጣት አስፈልጎ ነበር።